ጥቁሯ ስክሪን

«ለማን ነው የምትልከው?»

ቀና ስል ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ ከኋላዬ ቆሟል።

ያን ቀን መርሳ፣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብለናል። በጦርነቱ ቆቦ ከተያዘች ወዲህ ነው... ኔትወርክ የለም፣ ሰው ሁሉ ሰርጎ ገብ የሚመስልበት ሰሞን። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራው ጓደኛዬ ሰይድ ማሽላ ስለሚጨርሰው አረም፣ ስለ አቀንጭራ፣ ለገበሬው የሚበተን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ላፕቶፑ አማርኛውን ሳጥን ሳጥን አደረገበት። «በአላህ ድረስልኝ» ብሎ ሰው ላከብኝና ከወልድያ መጣሁ።

ነገሩ ቀላል ነበር። የአማርኛ ፎንቱም፣ ጽሑፉን የሚያቀናብረው ፕሮግራም የሚፈልጋቸው ተጨማሪ ፋይሎችም የሉትም። እኔ ደግሞ ፍላሽ ላይ ይዣቸው መዞር ልማዴ ነው። ላፕቶፑ የቢሮ ነው፤ ፕሮግራም ለመጫን የሚጠይቀውን ፓስዎርድ የሚያውቀው ሰውዬ ደሴ ስለሄደ፣ ፓስዎርድ በማይጠይቀው በሰይድ የግል ፎልደር ውስጥ መጫን ጀመርኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይግተለተላል... ሚሊሻው ያየው እሱን ነው።

«ኧረ ወንድሜ፣ ኔትወርክ እኮ የለም!»

«እኔስ ምን አልኩህ? ኔትወርክ ከሌለ ይሄ ሁሉ ወዴት ነው የሚሮጠው?»

«ፊደል እየጫንኩ ነው» ብል አልሰማኝም።

ላፕቶፑን እንደተከፈተ አሸክሞ ቀበሌ ወሰደን። እዚያ የነበሩ ሐጂ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ «እስቲ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» አሉ። ሰይድ ከፈተው... ገጹ ሙሉ ሳጥን!

«ይኸው ኮድ!» አለ ሚሊሻው።

ያን ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ታስሯል።

«ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ፊደሉ ገና አልገባም።»

«ባትሪው ሳያልቅ አስገባዋ!» ብሎ ጮኸብኝ ሰይድ፣ እኔ የዘጋሁበት ይመስል።

የቀረውን ጫንኩት። ጽሑፉን ደግሜ ሳስኬደው ፊደሉ ወለል ብሎ መጣ፣ አልሐምዱሊላህ! ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡ፦ «አቀንጭራን... ሳያብብ... መንቀል...»

ከዚያ ወደ ሚሊሻው ዞሩ። «ይሄ የማሽላችንን ጠላት ነው የሚሰልለው። በል ልቀቃቸው!»

ወጥተን መንገድ ስንጀምር ሚሊሻው ተከተለኝ። ዛሬስ አልቆልኛል ብዬ ቆምኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«እውነት ግን ያለ ኔትወርክ አይልክም?»

«ወላሂ አይልክም።»

«እናቴ ቆቦ ቀርታለች... ደህና ነኝ የሚል ብቻ እንዲልክልኝ ነበር» አለና ክላሹን አስተካክሎ ተመለሰ።

በሕይወቴ ምነው ሰላይ በሆንኩ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።