ለሲቪዬ ሽማግሌ

ሞጣ ሆስፒታል ለፋርማሲ ባለሙያ ማስታወቂያ ማውጣቱን ስሰማ ልቤ ወደዚያው ሄደ። ብቸና አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ የምንኖረው ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። ሥራውን በጣም ፈልጌዋለሁ፤ እሳቸውን ትቼ መሄዴ ግን አንጀቴን በላው። ይፈቅዱልኝ እንደሆነ እንኳ አፍ አውጥቼ አልጠየቅኋቸውም።

ሲቪው አናት ላይ ስለ ችሎታዬ ባጭሩ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ራሴን ከማመስገን ሞቴን እመርጣለሁ። ከኢንተርኔት «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫና የማይበግራት» የሚል ገለበጥኩና ለአባቴ አነበብኩላቸው።

«ይችማ ማን ናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ!»

«አላውቃትም።»

ተናደድኩ፤ መናደድ ለእኔ ቅርብ ነው። «እንግዲያው እርስዎ ይናገሩልኝ!» አልኳቸው።

አባቴ በሰፈራችን ልጅ ለልጅ ሲጠየቅ የማይቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የሰው ቤት የሄዱ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከቅድመ አያቴ ጀምረው ዘር መቁጠር ያዙ። ደብረ ወርቅ ያሉትን ዘመዶች ሲያዳርሱ ሳቄ አመለጠኝ።

«አባባ፣ ሆስፒታሉ ይቀጥረኛል እንጂ አያገባኝም እኮ!»

«እሽ፣ እሽ፤ ሥራዋን ልናገር» አሉ። «መብራት የጠፋ ለት የስኳር በሽተኞችን መድኃኒት እንዳይበላሽ በበረዶ ሣጥን ይዛ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል አሳድራለች። አወሳሰዱን ሳታስደግም ሰው አትሸኝም። ቁጡ ናት፤ ተቆጥታ ግን በሽተኛ መልሳ አታውቅም።»

ያን መብራት የጠፋ ዕለት አምሽቼ ስገባ የጠበቀኝ የሳቸው ቁጣ ብቻ ነበር። እኛ ቤት ልጅ ፊት ለፊት አይመሰገንም። ይህን ሁሉ ሲያዩልኝ እንደኖሩ አላውቅም ነበርና እንባዬ መጣ። የነገሩኝን አሳጥሬ ጻፍኩት፤ ቁጣዬን ብቻ ዘለልኩት።

«እሱንም ጻፊው እንጅ! እንከን የላትም ካልን ማን ያምነናል?» ብለው ተከራከሩኝ። እምቢ አልኩ።

«ይልቅ አንድ ነገር ረሱ» አልኳቸው ለቀልድ። «አባቷን ትጦራለች አላሉም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እሱንስ ተይው» አሉኝ። «ያን ከሰሙ አባቷን ጥላ አትመጣም ብለው ይተውሻል። በይ አሁን ላኪው።»