ምንጣፉ እስኪደርቅ

ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ነው እንደዚያ ያለችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሐዋሳ አክስቴ ጋ ሄጄ የፀጉር ሥራ ልማር እያልኩ በየቀኑ ስነዘንዛት ከርሜአለሁ። ለለቅሶ ወደ ጉኑኖ ስትነሳ በር ላይ ቆመችና፣ «ሦስት ቀን ቤት ጠብቂ። እሱን ከቻልሽ ስለ ሐዋሳ እናወራለን» አለችኝ።

ሦስት ቀን ምን አላት?

ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ሶዶ ውስጥ በእኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ አይዘጋም፤ ተከፍቶ ይተዋል፣ ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ መሮጥ ነው። እኛ ደግሞ ከግቢው ቧንቧ ጎማ ስበን ሳሎን ውስጥ በሩ ሥር ያለው በርሜል ውስጥ እንከተዋለን። ዘዴው ጥሩ ነው፣ የሚሰማ ሰው ቤት ካለ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግድግዳው ራሱ ገፍቶ አስወጣኝ። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነበር። የአረካ መኪና መነሻ ጋ አንዷን የክፍሌን ልጅ አገኘኋት፣ ወሬ ያዝን፣ አምስቱ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስመለስ ውሃው በደጃፋችን እየወረደ ነበር።

ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል። ምንጣፉ ቀይ ነው፣ ነጭ አበባ ያለበት። ሚኒስትር ቢመጣ እናቴ ጫማውን ሳያወልቅ አታስረግጠውም። አሁን ጫፉ ተንሳፍፏል።

በግቢያችን የሚኖሩት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ልታረቢ ነው?»

«እትዬ፣ አይሳቁብኝ፣ ያግዙኝ!»

ውሃ የጠጣ ምንጣፍ በሬ ነው። ጠቅልለን እየጎተትን በረንዳው ላይ ዘረጋነው። «ጭቃ እንደሚረገጥ እርገጪው» አሉኝ። ለቤት ልስን ጭቃ ረግጬ ስለማውቅ ረገጥኩት። ቀይ ውሃ ወጣ፣ ነጩ አበባም እየቀላ ሄደ። አጥር ላይ እንደሰቀልነው ዝናብ መጣ። ሐምሌ አይደል! መልሰን አስገባነው።

በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደርቋል። አንጥፌው ሶፋዎቹን ላዩ ላይ ደረደርኩ።

«ሥሩ እኮ ውሃ ነው፣ ይሸታል» አሉ እትዬ።

«ላዩ ደርቋል አይደል?»

«ሰው በላዩ ብቻ ነው እንዴ የሚያሸተው?»

እናቴ ልትገባ ስለሆነ ለእሷ ሳልናገር ማለፍ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

መጣች። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። መንገዱ እግሯን አሳብጦታል። ያንን እግር አንስታ ልትረግጥ ስትል አፌ ቀደመኝ፦ «እማዬ፣ አትርገጪው፣ እርጥብ ነው!»

እግሯ አየር ላይ ቀረ።

«ውሃ መጣ እንዴ?»

«መጣ።»

«ጀሪካኖቹን ሞላሽ?»

«አልነበርኩም።»

የምንጣፉን ጥግ ገለጠች፣ አሸተተች፣ ሮዝ የሆነውን አበባ በጣቷ ነካ አደረገች። እኔ ደግሞ መጠየቅ በሌለብኝ ሰዓት «ሐዋሳስ?» አልኳት።

«ይህ ሳይደርቅ የትም የለም። ደርቋል ስላልሽ ሳይሆን፣ ሲደርቅ።»

ከዚያማ ታሰርኩ። ፀሐይ ብልጭ ስትል አወጣለሁ፣ ደመና ሲመጣ አስገባለሁ። ጓደኞቼ ሲጠሩኝ ሰማዩን አይቼ እተዋቸዋለሁ። ሽታውን በሳሙናና በኮምጣጤ ስፈትግ ክንዴ ዛለ። ማታ ማታ እናቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድዳ ከምንጣፉ ሥር ትከታለች። ጠዋት ስታወጣው ወረቀቱ ልፍስፍስ ብሎ ይወጣል። «ገና ነው» ትለኛለች። ሻንጣዬን ከታሰርኩበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አዘጋጅቼ በር ሥር አስቀምጬው ስለነበር በየቀኑ እግሬን ይመታኛል። አንድ ቀን በንዴት ሻንጣውን በእርግጫ ብዬው እግሬን አሳምሜአለሁ።

የፊዚክሱ ደብተር አልቆ የባዮሎጂው ሲጀመር አንድ ጠዋት ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እናቴ ጆሮዋ አጠገብ አንኮሻኮሸችው። አላመነችም፤ ሌላ ጥግ ላይ ሌላ ወረቀት ከታ አንድ ቀን ጨመረችብኝ። እሱም ደረቀ።

«አበባው ግን አይመለስም» አለች።

«አይመለስም።»

«በይ ለአክስትሽ ደውዪ።»

ደወልኩ። እናቴ ልትሸኘኝ አብረን ስንወጣ ውሃ እንደገና ጠፍቶ ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁት፣ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩና እንደገና አጠበቅኩት። እናቴ ሻንጣዬን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ቶሎ በይ አላለችም።