የይስሐቅ ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ስዘከዝክ ይችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተነሥቻለሁ። አንተም የምታነበው፣ «ይሄ ሽማግሌ ለራሱ ሊያደላ ነው» ብለህ ሳትጠረጥረኝ አትቀርም። ጠርጥረኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ቢሆን ምንም አይደል።

ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጎንደር ውስጥ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። ሙያውን የቀሰምኩት ለጣልያን መካኒኮች መፍቻ በማቀበል ነው። አያ ምትኩ የሚባሉ የአይከል ነጋዴ፣ እንግሊዞች ጥለውት የሄዱትን አንድ አሮጌ ጂፕ ገዝተው እህልና ሰው ያመላልሱበት ነበር። የጂፑ ካምቢዮ ጥርሱ ረግፎ አለቀ። ከካምቢዮው ኋላ ያለው ሣጥንም አብሮት ሞተ፤ ይህ ሣጥን ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍል፣ ለዳገትና ለቁልቁለትም ከባዱን ማርሽ የሚሰጥ ነው። አያ ምትኩ ከሌላ የወደቀ ማኪና ሁለቱንም አስፈትተው አመጡልኝ። «በል ግጠምልኝ። ቤቴ የቆመው በዚች ማኪና ነው» አሉኝ።

የወደቀው ማኪና ዓይነቱ ሌላ ኖሮ ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥም አለ። በመካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን የሚሠራልኝ ሰው አስፈለገኝ። ያን የሚችል ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ መንደር ነው ያለው። ይስሐቅን አስጠራሁት።

ይስሐቅ ቤተ እስራኤል ነው። ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ሚስቱ መንገድ ዳር ሸክላ ትሸጣለች። እኛ ስለ ብረት ቀጥቃጭ ምን እንል እንደነበር የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እንላለን። ማረሻውን ገዝተን እናርስበታለን፤ ልጃችን ሲያመው ደግሞ ስሙን እናነሣለን። በዕድሜ በብዙ ይበልጠኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አያ ብዬው አላውቅም። ሞተር ለምን እንደሚነሣ፣ ለምን እንደሚጠፋ የማውቅ ሰው ነኝ። ታዲያ እኔ ነኝ ዓይን የምፈራው? አዎ፣ እኔ ነኝ።

ልክ ሊወስድ ሲመጣ የሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጥርሶቹን አየና «አቤት፣ እንዴት ሸጋ ነገር ነው!» አለ። ባለሙያ የባለሙያ ሥራ ሲያይ ሌላ ምን ይላል? እኔ ግን ክው አልኩ። የእግዜርን ስም ሳይጠራ አደነቀብኝ። ከዚያ በኋላ እሱ በመጣ ቁጥር ሣጥኑን በጋቢዬ እሸፍን ጀመር። እሱም ይስቅብኛል። «ምነው ልጄ፣ ብርድ ይመታዋል እንዴ?»

ሳህኑን ሠርቶ አመጣ። ልክክ ብሎ ገባ። መግጠሙም አስጠረጠረኝ፤ ባይገጥም ኖሮም እጠረጥረው ነበር። ምን ቢያደርግልኝ ነበር የማምነው? አሁን ሳስበው ምንም አልነበረም።

አንገቴ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበረኝ፤ እናቴ በልጅነቴ ከዓይን ይጠብቀው ብላ ደብተራ ዘንድ ያጻፈችልኝ። እሱን ሣጥኑ ውስጥ ላስረው ቆረጥኩ። ክሩ ዘይት ውስጥ አይበረክትም ብዬ ይስሐቅን ራሱን ቀጭን ሽቦ ለመንኩት። ከከረጢቱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለምንህ ነው አላለኝም። ደጅ እስኪወጣ ጠብቄ ክታቡን ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር አሰርኩት፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ዘይት ሞላሁ፤ አማተብኩበት። እንግዲህ የፈለገውን ያህል ይየው አልኩ በልቤ።

ጂፑ ሸጋ ሆኖ ሄደ። እኔም ክታቤ ሠራ ብዬ ኮራሁ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ አያ ምትኩ ከአይከል መልስ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆመው ከባዱን ማርሽ ሊያስገቡ ዘንጉን ይገፋሉ። የገባ መሰላቸው። ጥቂት እንደወረዱ ማርሹ አመለጠና ማኪናዋ ተንደረደረች፤ ፍሬኑ ብቻውን አልያዛት አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ወይራ ባያቆማት አያ ምትኩን የምንቀብር ነበርን። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን ከጉልበት በላይ ተሰባብሮ እስኪሞቱ ድረስ በምርኩዝ ሄዱ። አገሩ ወዲያው «ይስሐቅ በላት» አለ።

ጂፑን ጎትተው ወደ እኔ አመጡት። ሣጥኑን ብቻዬን ከፈትኩት። ክታቤ ዘይት ጠጥቶ አብጦ፣ ከሽቦው ሾልኮ፣ ማርሹን በሚገፋው ሹካ ሥር ተጠቅጥቆ አገኘሁት። ጥርሱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ የከለከለው የኔ ቆዳ ነው። እኔ ነኝ። የአያ ምትኩን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ክታቡን ሳወጣ የአያ ምትኩ ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበር። «እህ፣ ምን አገኘህ? የዚያ ሰውዬ ብረት ነው አይደል?» አለኝ። ቆዳው ጭብጤ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ በጣቶቼ መሐል ይንጠባጠባል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ የሠራሁት ደህና ነው። ሌላውን እናንተው ታውቁታላችሁ» አልኩት። የማንንም ስም አላነሣሁም እያልኩ ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ተከራከርኩ! ስም ማንሣት ለምን ያስፈልገኛል? ስሙን እሱ አስቀድሞ ይዞት መጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከይስሐቅ ማረሻ የሚገዛ ጠፋ። የሚስቱን ሸክላ መንገድ ዳር ሰባበሩባት። ወናፉን ቀዳደዱበት። ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ ጋራዤ ውስጥ ሆኜ ብሎን እፈታለሁ።

ከወለቃ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል እኔ ዘንድ መጣ። ሊረግመኝ የመጣ መስሎኝ መዶሻ አነሣሁ። እሱ እቴ! ደጃፉን እንኳ አላለፈም።

«ልጄ፣ ያን ሽቦ ምን አሰርክበት?» አለኝ።

«ጠፋኝ» አልኩት።

ባዶ አንገቴን አየ። ክታቡ የኖረበት ቦታ ከሌላው ገላዬ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። «ይሁን» አለና ሄደ። የት እንደገባ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን የባሰውን ስማ። ጂፑን መልሼ ሠራሁት። የይስሐቅን ሳህን አልለወጥኩትም፤ ምን ሆኖ እለውጠዋለሁ? ያወጣሁት የራሴን ቆዳ ብቻ ነው። አያ ምትኩ ሹፌር ቀጠሩላት፤ ያንን ቁልቁለት ለዓመታት ስትወጣ ስትወርድ ማርሹ አንዴም አላመለጣትም። ሰው ግን ምን አለ? «ዓይኑ ከአገር ሲወጣ ማኪናዋ ዳነች።» ንጽሕናውን የሚመሰክርለት ብረት በየገበያው ቀን በፊታቸው እየዞረ በደሉን አጸኑበት። እኔም ፊት ለፊታቸው ራሴን ነቀነቅኩ። በሥራዬም ተመሰገንኩ።

ለነፍስ አባቴ ለምን አልተናዘዝኩም? ሰውን ማጥፋቴ አሳፍሮኝ እንዳይመስልህ። ክታብ ማንጠልጠሌን ሰምተው እንዳይገሥጹኝ ፈርቼ ነው። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚያምር ምክንያት የለኝም። ድንቁርና ነው፣ የዘመኑ ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር ልትለኝ እንደሆን ተወው። ክታቡን ሳስር አላውቅም ነበር፤ ክታቡን ጨብጬ ስዋሽ ግን አውቅ ነበር። አንተም ይቅር አትበለኝ፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም።

አንድ ጥያቄ ተጠይቄ ሳልመልስ ሸመገልኩ። አያ ይስሐቅ፣ ሽቦው አልጠፋኝም። ክታቤን ነው ያሰርኩበት። ከአንተ ዓይን እንዲጠብቀኝ።