ሰማያዊዋ መስመር

እህቴ በእረፍት ቀኗ እኔ ወዳለሁበት የጋራዦች ሰፈር፣ ወደ ሰናይያ፣ ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገው ስልኳን ከፍታ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በጋራዦቹ መካከል ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹትን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። እሷ አል ሂሊ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ የዓረብ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። የአሠሪዋን፣ የማዳምን፣ ትንሽ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። የራሷ ልጅ ወልድያ፣ እናታችን ዘንድ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል።

በየሳምንቱ አብረን የምናየው የልጅቷን ስልክ ነበር። ገዝተን በሰው እጅ ከመላካችን በፊት የአጠቃቀም መቆጣጠሪያ አፕ ጭኜበታለሁ። እህቴ አል ሂሊ ሆና፣ ልጇ ወልድያ በየትኛው አፕ ላይ ምን ያህል እንደቆየች ታያለች፤ ስትፈልግም ትገድባለች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ በቀለም አስተማርኳት። ቀይ መስመር መዝናኛ ነው፤ ቲክቶክና መሰሎቹ። ሰማያዊ መስመር ትምህርት ነው። ቀዩን በቀን አንድ ሰዓት ገደብነው። ሰማያዊውን ክፍት ተውነው። ትምህርት የሚገድብ ማን አለ?

ቀዩ አጠረ፣ ሰማያዊው እየረዘመ ሄደ። እህቴ ከቅዳሴ በኋላ ስልኳን ለሴቶቹ እያዞረች ታሳይ ጀመር።

«አንቺ፣ ልጅሽን በሪሞት ነው እንዴ የምታሳድጊያት?» አለቻት አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ያችው ሴት የወንድሟን ልጅ ስልክ ይዛ ሱቄ መጣች፤ «ያንን የእህትህን ጫንልኝ» ብላ።

ያን እሑድ ማዳም ልጆቿን ይዛ አቡ ዳቢ እናቷ ቤት ሄዳ ስለነበር እህቴ እስከ ማታ ነፃ ነበረች። ስልኩን አስቀመጠችና በጣቷ አሳየችኝ።

«እያት፣ ሰማያዊዋ ጣሪያ ልትነካ ነው።»

አየኋት። እውነትም ከወትሮው ረዝማለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«እታለም፣ ፈተና አላለቀም እንዴ? ትምህርት ቤት ተዘግቷል አላልሽኝም?»

«እና ቢዘጋስ? ጎበዝ ተማሪ እረፍት የለውም።»

መስመሩን ስነካው ከሥሩ ዝርዝር ተከፈተ። እስከዚያ ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር፤ ቀለሙን ብቻ አምነን ነበር የኖርነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሒሳብ አፕ የለም፣ የፊዚክስም የለም። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ አረብኛ ማስተማሪያ።

እህቴ ለማንበብ አልተቸገረችም። ምልክቱ ላይ ያለውን የአረብኛ ፊደል አየችው።

በእኛ ሰፈር አረብኛ የሚያጠና ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ቁርኣን የሚቀራ ልጅና ዓረብ አገር ልትሄድ የተሰናዳች ሴት። እህቴም ከመምጣቷ በፊት ደላላው በሰጣት ወረቀት ላይ ‹ውኃ›፣ ‹መጥረጊያ›፣ ‹እሺ› የሚሉትን ቃላት እየዞረች ትሸመድድ ነበር። ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ ፓስፖርት ያወጣላትም ያው ደላላ ነው። ልጇን እናታችን ላይ ጥላ የወጣችው ልጅቷ እንድትማር ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ተናግራ አታውቅም።

«ዝጋው» አለች።

«ቆይ...»

«ዝጋው አልኩህ! አጥፋው ከስልኩ!»

«ካጠፋሁት እንዳወቅንባት ታውቃለች። ደላላ ካለ ደግሞ ስልኩን ጥላ ነው የምትሄደው። ያኔ በምን እናገኛታለን?»

ይህን ስል ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ባልተናገርኩት አልኩ። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ በቪዲዮ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። እኔ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ሪፖርት ከፍቼ ነበር። ከአረብኛው አፕ ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ልጅቷ ስልኩን ይዛ እየተማረች ነው።

«እያየችኝ ነው የማታነሳው?» አለች እህቴ።

እጇ ወደ ኮምፒውተሩ ተዘረጋና ‹አሁን ቆልፍ› የሚለውን ቀይ አዝራር ራሷ ተጫነችው። አረንጓዴው ነጥብ ጠፋ። ሲቆለፍ ከእኛ ጋር ከመደዋወል በቀር ስልኩ ለምንም አይሆንም። ከጎናችን ያለው ጋራዥ ብረት እየቆረጠ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ፊት ብቅ አለ፤ ተቆጥታለች።

«እማ! ለምን ቆለፍሽብኝ? ልጨርሰው ትንሽ ነበር የቀረኝ!»

«ደላላው ማነው?»

«የምን ደላላ?»

«አረብኛውን ማን አስጀመረሽ? ማን ነው ነይ ያለሽ? ንገሪኝ!»

ልጅቷ ወደ ካሜራው ተጠጋች።

«አጎቴ አለ እንዴ እዚያ?»

«አለሁ» አልኩ።

«አንተ ነህ አይደል የሰለልከኝ?»

«መልሺልኝ!» አለች እህቴ።

«ማንም ነይ አላለኝም። አንቺ ከዚያ ልጅ ጋር የምታወሪውን ለማወቅ ነው። በደወልሽ ቁጥር ይመጣል። ‹ቆይ አንዴ› ብለሽኝ ወደሱ ትዞሪያለሽ፤ ትስቂያለሽ፤ እኔ ስልክ ይዤ ግድግዳ አያለሁ። ያ ሩሂ፣ ያ ሩሂ ትዪዋለሽ። ምን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ። ‹ነፍሴ› ነው። እኔን ነፍሴ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። አፑ የትኛውን ትምህርት እንደጨረሰች ያሳያል። ነገሩ በዚህ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።

«የወጥ ቤቱንና የጽዳቱን ምዕራፍ ደጋግመሽዋል» አልኳት። «ለልጁ ወሬ እሱ ምን ያደርጋል?»

አንገቷን ደፋች። እህቴ አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን ታያለች።

«ጓደኛዬ ዓረብ አገር ሄደች» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አጠገቤ የምትቀመጠው። ማንም ነይ አላለኝም፣ እውነቴን ነው። ራሴ ነኝ ያሰብኩት። አንቺ መምጣት ካልቻልሽ እኔ ልምጣና አንቺ ትመለሻለሽ።»

«አትመጪም!»

«እሺ፣ አንቺ ነይ።»

«እመጣለሁ። ለበዓል እመጣለሁ።»

«ለየትኛው በዓል? ለጥምቀት ብለሽ ቀረሽ። ለፋሲካም ብለሽ ቀረሽ።»

እውነቷን ነው። ሁለቱንም ጊዜ ማዳም ‹ልጁ ትንሽ ይደግ› ብላ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እህቴ እሺ ብላ ነበር። አሁን ግን ስልኩን ሳትዘጋ የሻይ ጣሳዬ ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ ልጅቷ ከዚያ ሆና ታየናለች።

«ስልክህን አምጣ» አለችኝ።

በእኔ ስልክ አቡ ዳቢ ወዳለችው ማዳም ደወለች፤ ድምፁንም ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገችው። ማዳም ቁጥሩን ስላላወቀችው በጥርጣሬ ነበር ያነሳችው። እህቴ ማንነቷን ተናግራ በአረብኛ መለመን ጀመረች። ድምፏ ቀጠነ። ሱቄ ውስጥ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ልጄን ማየት አለብኝ አለች። ማዳም ለምን አሁን አለች። ልጁንስ ማን ይይዘዋል? ባለፈው ተስማምተን አልነበረም? እህቴ ደጋግማ ይቅርታ አለች፣ ደጋግማ እለምንሻለሁ አለች። ጣሳው ላይ በቆመው ስልክ ውስጥ ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ታዳምጣለች። ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። እናቷ እየለመነች መሆኑ ግን ገብቷታል፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

ማዳም በረጅሙ ተነፈሰች።

«ባድ አልዒድ» አለች። «ኸላስ።» በቃ፣ ነገሩ አለቀ ማለቷ ነው።

«ከዒድ በኋላ አለች፣ አይደል?» አለች ልጅቷ ከወልድያ። እህቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ልትዘጋው ስትል ከማዳም በኩል ግርግር ተሰማ። ትንሹ ልጅ ስልኩን ከእናቱ እጅ ቀምቶ የት ነሽ፣ መቼ ነው የምትመጪው እያለ ይጮኻል። እህቴ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ዓይኗ ጣሳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄደና ቃሉን ዋጠችው። ማታ እንገናኛለን ብቻ አለችው፤ እንደ ባዳ። ልጁ እንደመደንገጥ አለ። ከዚያ ለቅሶ ሊጀምር ትንፋሹን ሲስብ ተሰማን።

«በይው እማ» አለች የእህቴ ልጅ። «ልጅ እኮ ነው።»

እህቴ «ያ ሩሂ» አለችው፤ ለልጇም አማርኛውን ደገመችላት።

የወልድያውን ስልክ ቁልፍ ከመክፈቴ በፊት ልጅቷ ወደ ካሜራው ተጠጋች።

«አጎቴ፣ አረብኛውን እንዳትነካብኝ። ከዒድ በኋላ ከመጣች ራሴ አጠፋዋለሁ።»

«ካልመጣችስ?» አልኳት፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

ቁልፉን ስከፍትላት ጥሪውን ዘጋች። እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ወደ አል ሂሊ የሚሄድ ታክሲ ልትፈልግ ወጣች፤ ከበሩ ላይ ተመልሳ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። እስከ ዒድ ድረስ በየእሑዱ መጣች። በየእሑዱ ስልኳን ከፊቴ አስቀመጠች። ሰማያዊዋን መስመር አብረን አየናት፤ አንዳንዴ አጠር፣ አንዳንዴ ረዘም ትላለች፤ ግን አንድም ቀን አልጠፋችም። ቀለሟን አይተን መርካት ቀረ፤ ሁልጊዜ ነክተን ዝርዝሩን እንከፍታለን።

የቲኬቷን ፎቶ ወደ ወልድያ በላከችበት ሳምንት እንኳ ሰማያዊዋ መስመር ነበረች። አፑ ከዝርዝሩ የጠፋው እህቴ አየር ማረፊያ ሆና፣ ሻንጣዋን ካስረከበች በኋላ መጀመሪያ ለልጇ፣ ቀጥላ ለእኔ በደወለች ጊዜ ነው። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላመነችም ነበር።