የባሕር ላሟን ፍለጋ የመጡት ሽማግሌ

ቨርሊን ፍሎሪዳ ውስጥ ከሞቃት ምንጭ በሚነሳ ወንዝ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ በጀልባ አመላልሳለች፤ እንደኚህ ሽማግሌ ያለ ተሳፋሪ ግን ገጥሟት አያውቅም። ብርዱ በጠናበት ጠዋት፣ ከውሃው ላይ እንፋሎት ሲነሳ፣ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ብቻቸውን መጡ። ካሜራ አልያዙም። ገና ሳይቀመጡ፣

«ሞተሩን አታስነሺው ልጄ» አሏት።

«ኧረ አባባ፣ በመቅዘፊያ ከሆነማ ለምሳ ነው የምንደርሰው!»

አልሳቁም። እሷም መቅዘፍ ጀመረች።

ምንጩ አፍ ላይ ሲደርሱ፣ ከበሬ የሚገዝፉት ሣር በል የውሃ እንስሳት፣ የባሕር ላሞቹ፣ ከባሕሩ ብርድ ሸሽተው ሙቀት ፍለጋ ገብተው ከሥር ተኝተዋል። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ያዩዋቸው ጀመር። አንዷ ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች፤ ግራጫ ጀርባዋ ላይ ስድስት ነጫጭ ጠባሳዎች ተጋድመዋል።

«እሷ ናት» አሉ በሹክሹክታ።

«በምን አወቋት?»

«የሞተር ምላጭ ጀርባዋን የቆረጣት ቀን ጀልባውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ምንጭ ለምንጭ እፈልጋታለሁ፤ ሰባት ዓመት አጣኋት።»

ቨርሊን መቅዘፊያውን ከውሃው አወጣች። የባሕር ላሟ ጀልባው ጎን ድረስ መጥታ እፍ ብላ ተነፈሰች። ትንፋሿ የሽማግሌውን ፊት አረጠበው፤ አልጠረጉትም። ያኔ ከብብቷ ሥር አንድ ትንሽ አፍንጫ ብቅ አለ።

«ወልዳለች!» አሉ። «ወልዳለች እኮ!»

ጥጃዋ ጡት ጠብታ እስክትጠግብ ድረስ ቨርሊን መቅዘፊያውን መልሳ አልነካችውም።