ከአርቦሬ በካሴት የመጣ ምርቃት

በዚያን ቀን ግቢያችን ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ ብርቄ፣ እጮኛዬ ማቴዎስ ከሁለት ሽማግሌዎቹ ጋር፣ የከብት ክትባት ሠራተኛው ለማ፣ እኔም ነበርን። አጎቴ አይኬ አልነበረም፤ ድምፁ ግን ነበረ።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ሐዋሳ ሆና ድምፅዋን በስልክ ቀርጻ ትልክልኛለች። ትናንት «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ስትል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ መለስኩ። የልጅ ልጄ አትሰማሽም እኮ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ይህን አመል ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ማቴዎስ ጂንካ ውስጥ ቁስል የሚያክም፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር። ቆላ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዱስ ተመደበና መኪናው ሰኞ ይነሳል ተባለ። ዝናቡ ከጠና መንገዱ ይዘጋል፤ ሳንጋባ ከወረደ መቼ እንደምንገናኝ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ያኔም ፈሪ ነበርኩ። ወባው፣ አዞው፣ የሞላው ወንዝ፣ ሁሉም እሱን ብቻ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

በእኛ ቤት ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር የአባቷ ታላቅ ወንድም እርጥብ ሣር አስይዞ ይመርቃታል። አጎቴ አይኬ ደግሞ የሚኖረው ቆላ፣ አርቦሬ ነው። እዚያው አግብቶ ማሽላ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። በዚያ ሰሞን በሬ እግሩን ረግጦት መንገድ መሄድ አልቻለም። አባቴ ሽማግሌዎቹን በደንብ ካበላ በኋላ፣ ያለ ታላቄ ምርቃት ልጄን አልሰጥም አላቸው።

ለማ ለክትባት ወደ አርቦሬ ሲወርድ ምርቃቱን በቴፕ ቀድቶ እንዲያመጣ ማቴዎስ ለመነው። ለማ ቴፑን ከመርፌ ሳጥኑ ጋር በትከሻው አንግቶ የሚዞር ሰው ነበር። የሚወደውን ዘፈን አጥፍቶ በላዩ የአጎቴን ድምፅ ቀዳና ቅዳሜ ጠዋት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ።

አባቴ ቴፑን ዙሪያውን አየው። «ሳጥን ይመርቃል እንዴ?» አለ።

ለማ ቁልፉን ተጫነ።

«ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?» አለ የአጎቴ ድምፅ። ከኋላው ፍየል ይጮኻል።

አባቴ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ታላቁ ሲያናግረው ተቀምጦ አያውቅም። «ደህና ነኝ፤ እግርዎ እንዴት ሆነ?» አለው ሳጥኑን።

አጎቴ ወንድሙን ያውቀዋል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ለመልስ ዝም ይል ነበር። ስለ ላሞቹ፣ ስለ ንቦቹ፣ ስለ እንሰቱ ጠየቀ። ችግሩ አባቴ ወሬ ቶሎ አይጨርስም። የታመመችውን ላም ነገር ገና ሲጀምር ቴፑ ወደ ንቦቹ አለፈ። አባቴ ተቀየመ። «አቋረጠኝ» አለ፤ «ድሮ አያቋርጠኝም ነበር።» ከዚያ በኋላ ለማ አባቴ እስኪጨርስ ቴፑን እያቆመ ያስኬደው ጀመር። እትዬ ብርቄ፣ ታላቅህ በደንብ ያዳመጠህ ገና ዛሬ ነው ብላ ቀለደችበት፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ምርቃቱ እንደተጀመረ ግን ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄደ። እናቴ ታሞብን ነው፣ ደብቀውን ነው ብላ አለቀሰች። ለማ የደከመው ባትሪ ድንጋዩ እንደሆነ ነገራት። ከእትዬ ብርቄ ሱቅ ባትሪ ከጠፋ ሰንብቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋዩ ሞቆ እንዲበረታ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያን ቀን ጂንካ ጉም ለብሳለች። የአባቴ ፊት ጠቆረ። ተጀምሮ የተቋረጠ ምርቃት ጨርሶ ካልተጀመረው ይከፋል ብሎ ያምን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ዱላቸውን አነሱ። ማቴዎስ እኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል።

እትዬ ብርቄ የምትቀማ ይመስል ፈጥና ድንጋዮቹን ከለማ ወሰደች። በሻሽዋ ጠቅልላ፣ እናቴ አሁን ቆልታ ባወጣችው ትኩስ የበቆሎ ቆሎ ውስጥ ቀበረቻቸው። እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ሊፈነዳ ይችላል። እኔማ ከቆሎው ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት። ሌሎቹ ቆሎውን ከዳር ከዳሩ እየዘገኑ ጠበቁ። ለማ መልሶ ሲያስገባቸው ድምፁ ተስተካክሎ ወጣ።

አጎቴ መረቀን። ዘራችሁ ይብዛ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ አለ፤ ባለ ቁጥር አሜን አልን። አባቴ እርጥቡን ሣር እንደያዘ ቀረ፤ ለማን እንደሚያቀብል ግራ ገብቶት ወደ ቴፑ አየ።

«አሁን ሣሩን ማን ይስጣት ትላለህ» አለ ድምፁ። «አንተ ስጣት። አንድ ማህፀን ነው ያደርነው፤ እጅህ እጄ ነው።»

አባቴ ሣሩን አስያዘኝ። እሁድ ተጋባን፤ ሰኞ በአንድ መኪና ወደ ዱስ ወረድን። መኪናው ይገለበጣል ብዬ መንገዱን ሙሉ የማቴዎስን ክንድ ጨምድጄ ይዤ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለማ ቆላ ሊወርድ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ለዘመዱ ድምፁን ሊልክ ቴፑን ይከብ ጀመር። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጠይቀው ዝም ማለትን ለመዱ። መሣሪያ ሰውን ይለውጣል ሲሉ እሰማለሁ፤ ልክ ነው፣ አባቴን ለሳጥን አስነስቶታል። እኛን ግን የሩቁ ሰው የሚመልሰው ነገር እንዳለው አስተምሮናል። የአሁኑ ስልክ ምን እንደሚያስተምር ገና አልገባኝም።

ለማ በኋላ ተዛወረ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። ወልደን ከብደን አያቶች መሆናችንን አልሰማም። በደርግ ጊዜ በደቡብ ኦሞ ከብት ይከትብ የነበረውን፣ ቴፕ አንግቶ የሚዞረውን ለማን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለና ደህና መሆኑን ንገሩኝ።