ከጀልባ ወርዶ ጠበል

ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጀልባ እንደምኖር አክስቴን እትዬ አስካለችን ስምንት ወር ሙሉ ለምን ደበቅኋቸው? «ቢሮ ገብቻለሁ» ብዬ ነበር የጻፍኩላቸው። ውሸት አይደለም፤ ጠረጴዛ አለ፣ መዝገብ አለ። ወንዶቹ የሐይቁን ጥልቀት እየለኩ ይጠሩልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቢሮው እንደሚንሳፈፍና ከሦስት ወንዶች ጋር እንደማድርበት ብቻ ዘለልኩት።

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ሐይቁ ዳር

ሞተሩ ሲጸዳ ስለሚውል የአንድ ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ጀልባው ወደ ማዶ ይሻገራል፤ የቀረ ሰው ቦታው ላይ ሌላ ይቀመጥበታል። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ ሥራ መንገድ ላይ አይጠብቀኝም።

ወደ አሰላ ከሰል የጫነ ፊያት፣ ጋቢና ሰባ አምስት ሳንቲም። ሹፌሩ ከድር የዲክሲስ ሰው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እህቴ? መኪናው እኮ ገና አልተነሣም» አለኝ። በሩን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ።

«ልማድ ነው።»

«የምን ልማድ? እኔ እንኳን ይዤው አላውቅም፤ ፍሬኑንም።»

3 ሰዓት፤ አሰላ

ግራሩ አልቆ ገብሱ ይጀምራል። ብርዱ በእግር ጣት ይገባል። የጭላሎ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። ገበያው አጠገብ ወረድኩ። ስምንት ወር ውኃ ላይ ለቆመ ሰው የአሰላ መሬት ይወዛወዛል፤ እኔም አብሬው እወዛወዛለሁ። አክስቴ በራቸው ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ጠጥተሻል?»

«ኧረ በማርያም።»

«አርግዘሻል?»

«ኧረ እትዬ!»

«እንግዲያው የያዘሽ አለ።»

የከድር መኪና በስምንት ሰዓት እንደሚመለስ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ቁርስ የለም፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነው።

4 ሰዓት ተኩል፤ ጠበሉ

ቁልቁል ሃያ ደቂቃ። በስምንት ወር አንድ ቀን ደረቅ መሬት ባገኝ ለውኃ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አንድ የሲሬ ነጋዴ ይንዘፈዘፋል፤ ልብሱን ገና አላወለቀም። ሌላውን ራቁቱን የሚያስቆሙት ቄስ ራሳቸው ወፍራም ካፖርት ደርበዋል። ስወዛወዝ አዩኝና፦

«ሰባት ቀን እዚሁ ትክረም» አሉ።

«ሰባት ይበቃታል?» አሉ አክስቴ። «አሥራ አራት ይሁንላት።»

ጀልባው የሚሄደው ነገ ነው።

«እትዬ፣ የምኖረው ጀልባ ላይ ነው። ማዕበሉ ነው የሚወዘውዘኝ፤ መሬት ስረግጥም ቶሎ አይለቀኝም።»

«ብቻሽን?»

«ከሦስት ወንዶች ጋር።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጥፊ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«ማን ነው የሚያበስለው?»

«እነሱ፣ በተራ። እኔ መዝገብ ነው የምጽፈው።»

«ልብስስ?»

«ሁሉም የራሱን ያጥባል።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ፤ እኛ አልተንቀሳቀስንም። አክስቴ ለሁለት ባል ሠላሳ ዓመት ያበሰሉ ሴት ናቸው። ውኃውን ብዙ አዩት። ከዚያ እጄን ይዘው ከሰልፉ አወጡኝ።

«ወዴት ነው?» አሉ ቄሱ።

«ድናለች፣ አባ» አሉ አክስቴ። «መኪናዋ በስምንት ሰዓት ነው።»